ከወርቁ ሥር

ሰርካለም ከሠርጓ ቀን ወዲህ የወርቅ ጥርሷን አንድም ጊዜ አላወለቀችም። የተዳረችው በጥር ነው፤ አሁን የዐቢይ ጾም እኩሌታ ደርሷል። ስትበላም ስትተኛም ወርቁ አፏ ውስጥ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ማንም ጉዳዬ ባላለው ነበር። ከዚያ በፊት ግን እንደ እሷ ለጥርሱ የሚጠነቀቅ ሰው በምትኖርበት በዘመሮ ዙሪያ ተፈልጎ አይገኝም።

ወርቁ የሚወለቅ ነው። ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ሳለች እናቷ ሞቱባት፤ ከእሳቸው የቀረላትን አንድ የጆሮ ወርቅ አስቀልጣ በግራ በኩል ላለው የላይኛው ክራንቻዋ ልክ አሠራችው። ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ እንደሚያጠልቃት ቆብ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ለምን ጆሮሽ ላይ አታደርጊውም ሲሏት፣ እናቴ ስስቅ ደስ ይላት ነበር፤ በሳቅሁ ቁጥር ትታይልኝ ብዬ ነው ትላለች።

ወርቁን የለካላት የጥርስ ሐኪም ሲያስረክባት ደጋግሞ መክሯት ነበር። ስትበዪ አውልቂው፣ ስትተኚ አውልቂው፣ መልሰሽ ከማድረግሽ በፊት ጥርስሽንም የወርቁንም ውስጥ አጽጂ፣ ቢላላብሽ በማጣበቂያ አትንኪው። ምግብ ከሥሩ ተቀምጦ ከዋለ ካደረ ወደ አሲድነት ተለውጦ የጥርሱን የላይኛውን ሽፋን ይበላዋል፤ ሽፋኑ ደግሞ እንደ ጥፍር መልሶ አያድግም አላት። እሷም ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው።

ዲያቆን ታዲዮስ ልቡን የሰጣት ለዚሁ ጥንቃቄዋ ነው። ለእጮኝነት የመጣ ዕለት ማዕድ ሲቀርብ ፊቷን ዞር አድርጋ ወርቁን አወለቀች፣ ጥጥ ባለበት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አኖረችው፤ በልታ ስትጨርስ አፏን ተጉመጥምጣ፣ በወይራ መፋቂያ ፍቃ፣ ከዚያ መልሳ አደረገችው። ለአንድ ጥርሷ እንዲህ የሆነች ለትዳሯ እንዴት ትሆን ይሆን ብሎ እየተደሰተ ወደ ቤቱ ሄደ።

ታዲዮስ ደግ ልጅ ነው። ጥፋት ካለበት ማስተማር መውደዱ ነው። በተክሊል ሊጋቡ፣ አብረው ሊቆርቡ ቀን ሲቆረጥ ስለ ሥጋ ወደሙ የሚያውቀውን ሁሉ እየዘረዘረ አስተማራት። ከቅዱሱ ሥጋ ቅንጣት ብትወድቅ ካህኑ ቦታውን በምላሱ እንደሚያነሣ፣ መሬቱ እንደሚፋቅ፣ እስከዚያ ድረስ እግር እንደማይረግጠው ነገራት። የቆረበ ሰው እንደማይተፋ፣ ከአፉ የገባ እንዳይወጣ እንደሚጠነቀቅ ነገራት። እየነገራት ፊቷ ሲገረጣ አየና ትምህርቱ ገባት ብሎ ደስ አለው። ስለ ወርቁ ግን አላነሣም። እሱም ረሳው፤ እሷም ረሳችው።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቿ አጣድፈው አለበሷት፣ አጣድፈው አወጧት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አክሊል ደፍታ፣ ካባ ለብሳ፣ ከታዲዮስ ጎን ቆማ ሥጋውን ተቀበለች፤ ደሙንም ተቀበለች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ምላሷ ወርቁን ነካው።

ክው ብላ ቀረች። ቅንጣት ከሥሩ ገብታ ቢሆንስ? ቆራቢ ሁሉ አፉን አጥቦ የሚውጥበትን የመቁረር ውሃ ሰጧት፤ ከነወርቁ ጠጣችው። ውጭ እልልታው ቀልጧል፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ የሠርጓን ነገር አንዱንም አታስታውስም።

በዚያን ዕለት ማውለቅ አይሆንም፤ ከቆረበ አፍ ምንም አይወጣም። በማግሥቱ ላውልቀው ብትል፣ ከሥሩ ያለውን ምን ታደርገዋለች? መሬት ላይ አይጣል፣ በውሃ አይፈስ። እንዳትውጠው እህል ቀምሳለች። ቀን በተጨመረ ቁጥር ፍርሃቷም ጨመረ። ታዲዮስ ከፋሲካ በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው። ቁርባኑ በእሷ አፍ ከረከሰ ተክሊሉም ፈረሰ፣ ተክሊሉ ከፈረሰ ክህነቱም ቀረበት ብላ ለራሷ ፈረደች። እንዲህ የሚል ሕግ የትም የለም። ግን የሌለ ሕግ እንደሚያስፈራ ያለው አያስፈራም፤ ባሏን ደግሞ ከነፍሷ አስበልጣ ትወደዋለች።

ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። በሌላው አፍ እውነት ነው፤ በሰርካለም አፍ ግን ዝምታውም ነቀዘ።

ጾሙ ሲገባ ምግቡ ቆሎና በሶ ሆነ። በሶ ደግሞ መግቢያ አያጣም፤ ወርቁ ሥር ገብቶ እዚያው ይሰነብታል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ዓይኗ እንባ ያቀር ጀመር፤ ቀጥሎ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ብቻውን ያሳምማት ያዘ። በቀኝ በኩል ብቻ አኘከች። የአፏ ጠረን እየተለወጠ ሲሄድ በነጠላዋ ጫፍ ተከልላ ማውራት ለመደች። ታዲዮስ ሐኪሙ አውልቂ ይልሽ አልነበረም ወይ ብሎ በለስላሳ ሲጠይቃት ለምጄዋለሁ አለችው። ከዚያ ወዲያ አልደገመውም፤ ግን ከእኔ እየሸሸች ነው ብሎ ውስጥ ውስጡን አዘነ።

አማቷ እትዬ አየለች እንደ ልጃቸው በልብ የሚያዝኑ ሴት አይደሉም፤ የሚያዝኑት በምላሳቸው ነው። ባላቸውን በቀበሩ ቀን ያወለቁትን የጆሮ ወርቅ እስከ ዛሬ አላደረጉትም፤ ይቺ ግን ለጌታ ጾም አንዲት ጥርስ አታወልቅም አሉ። ይህን ምንጭ ዳር አሉት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አሉት፣ ሞላሌ ገበያ ወርደውም አሉት። ሰርካለም ትሰማለች፤ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትሠራለች። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሳቸው ኩራት እየመሰላቸው ይብሳሉ።

በመጨረሻ ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ ዓምደ ሚካኤል ከሰሱ። መምሬ የሠርጉን ቅዳሴ የቀደሱ፣ ሁለቱንም በእጃቸው ያቆረቡ ሽማግሌ ካህን ናቸው። አንድ ቅዳሜ መጥተው ቤቱን ባረኩና ተቀመጡ። እትዬ አየለች ክሳቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙ። መምሬ ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ ወደ ሰርካለም ዞረው፣ ልጄ ለጾሙ ብለሽ አውልቂው አሏት።

ሰርካለም አልችልም አለች።

 የነፍስ አባት አዝዞ እንቢ የተባለበት ቤት በዚያ አጥቢያ ማን ሰምቶ ያውቃል? ታዲዮስ ከሐፍረቱ የተነሣ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አየለች ይኸው አላልኋችሁም በሚል ዓይን ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። መምሬ ግን የልጅቱን ጉንጭ አዩ፤ ግራው ከቀኙ አብጧል። እናትና ልጁን ወደ ውጭ አስወጧቸው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው። እያለቀሰች፣ አፏን እንደ ሸፈነች፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አባቴ፣ የሱ ክህነት በኔ ጦስ ይቀርበታል?»

 ስንቱን ኃጢአት የሰማው የመምሬ ጆሮ እንዲህ ያለውን ሰምቶ አያውቅም።

«አይቀርበትም። የተቀበልሽውን ተቀብለሻል፤ ወርቅ ጌታን አያግድም» አሉ። «ሕመምሽን ግን ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

 መምሬም ቃላቸው ብቻ እንደማያሳርፋት ከዓይኗ አነበቡ። ስለዚህ እህል ውሃ ሳትቀምሺ ነገ ለቅዳሴ ነይ፣ ሲያበቃ ከመቁረሩ ውሃ ጋር ከፊቴ ታወልቂዋለሽ፣ ከሥሩ ያለውንም በዚያው ትጠጪዋለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የሚከስሽ አይኖርም አሏት። ፈቃዷን ጠይቀው ነገሩን ለታዲዮስ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ታዲዮስ ሰምቶ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ። ያን ሁሉ ሕግ አንድ በአንድ የነገራት ማን ሆነና።

በማግሥቱ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ውሃውን የያዘው ታዲዮስ ነው። ሰርካለም ወርቁን ያዘችው፤ አልወጣላትም። እየወዘወዘች ስትጎትተው ድዷ ደማ፤ በመጨረሻ ተላቅቆ መዳፏ ላይ ወደቀ። ከሥሩ የወጣው ጥርሷ እንደ ድሮው የሚያብረቀርቅ አልነበረም። ቡናማ ሆኗል፤ ዳርና ዳሩ ነቀዝ እንደ በላው ባቄላ ተቦርቡሯል። ታዲዮስ ዓይኑን ከዚያ ሊያነሣ አልቻለም።

ወርቁ ውስጥ የጠቆረ በሶ ተጋግሯል። በሶው መሐል ደግሞ አንዲት ነጭ ቅንጣት አለች።

ሁሉም አዩዋት። ታዲዮስ ከያዘው ውሃ ትንሽ ፈሰሰ። ምናልባት መምሬም ለአፍታ ተጠራጥረው ይሆናል። ሰርካለም ግን አልተጠራጠረችም። ሁለት ወር ሙሉ በሕመሟ የጠበቀችው ይኸው ነው። ተንበርክካ ወርቁን ዘረጋች፤ ታዲዮስ ውሃ አንጠባጠበበት፤ እሷም በእንባ ጠጣችው።

ቅንጣቷ መንጋጋዋ ላይ ቀጭ አለች።

ቅዱሱ ሥጋ አይጠጥርም። ይህን እሷም ታውቃለች። በምላሷ አንዴ አገላበጠቻት፤ ከዚያ ዋጠቻት። ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ጥርሴ ነው» አለች።

ታዲዮስ ሲያስተምር ቃል የማያጥረው ሰው ነበር። ያን ጊዜ ግን አጠገቧ ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ መምሬም መስቀላቸውን በሁለቱም ራስ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

ቤት ሲደርሱ እትዬ አየለች ነገሩን ከልጃቸው ሰሙ። ይቅርታ የሚባለውን ነገር በዕድሜያቸው አልለመዱትም። ውሃ አሞቁ፣ ጨው ጨመሩበት፣ ጣሳውን ራሳቸው ይዘው ምራታቸውን አፏን አጉመጠመጧት። ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከሉላትና «መወለቅ የነበረበትስ የኔ ምላስ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰው ጌጥ ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ጥርሱን አይቶ አዘነ። ሽፋኑ እንደ ሳሳ ብትመጪ ኖሮ እናተርፈው ነበር፤ አሁን ግን ጉዳቱ ሥሩ ድረስ ወርዷል አላት። ለምን እንዳላወለቀችው ሲጠይቃት ረስቼው ነው አለችው፤ ሌላውን ቢነግሩት የሚገባው አልመሰላትም። ነቀለላት። ወርቁንም አስቀልጣ መልሳ የጆሮ ጌጥ አደረገችው።

ታዲዮስ ከፋሲካ በኋላ ቀሰሰ። ተክሊል የሚፈጽም ሙሽራና ሙሽሪት ወደ እሱ ሲመጡ እንደ ድሮው ሕጉን ሁሉ አይደረድርም። ሌላው ካህን የማይጠይቀውን አንድ ነገር ግን አይረሳም። የቁርባኑ ጠዋት ሙሽሪቱን ደጀ ሰላም ላይ ያቆማትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃታል።

«ልጄ፣ ጥርስሽ ሁሉ የራስሽ ነው?»

ሚዜዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል፤ ቄስ ታዲዮስ ጥርስ የሚቆጥር ቄስ ተብሎም በአገሩ ይቀለድበታል። ሰርካለም ግን አትስቅም። ያኔ እናቷ እንድትታይላት ትስቅ የነበረችው ሴት አሁን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ሙሽሪቱ አፏን እስክትከፍትለት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች።