መሪጌታ በአንድ ዓይን

ንፋስ መውጫ ላይ፣ እስከ አምና የእህል መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ዘንድሮ ኖራ ተቀብታ የሥዕል ማሳያ ሆናለች። ሦስት ወጣቶች ሥራቸውን ሰቅለውባታል። ሦስተኛዋ ትርሲት ናት፤ ልቧ የተሰቀለው ግን ለተመልካቹ አይደለም። አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከቤተ ልሔም ደብር መጥተዋል። የሳለችው እሳቸውን ነው፤ «ካልወደዱት ያኔውኑ አወርደዋለሁ» ብላ ቃል ገብታላቸዋለች።

መሪጌታ አዲስ ነገር ሲያዩ ይቆጣሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ምን ሲደረግ! አንደኛው ወጣት ማቴዎስ ከተሰባበረ ሞፈርና ቀንበር የሠራውን በሬ ሲያዩ ከት ብለው ሳቁ። «ይኼማ ሊያርስ ነው! እጅህ ይባረክ፣ ቁርጥማት አይየው!» መዓዛ ከአሮጌ ማዳበሪያ ክር የሸመነችው የጉና ተራራ ፊት ሲቆሙ ደግሞ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ብርዱ የመጣባቸው ነው የሚመስለው፤ እንዲህ ያለ ተመልካች ከየት ይገኛል!

ከዚያ ወደ ትርሲት ሥራ ዞሩ። ሥዕሉ መሪጌታን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ያሳያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው። ጋይንት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

«አባቷን ከይሁዳ ደመረቻቸው!» አሉ አንዲት እናት። ሹክሹክታቸው ለሁሉም ተሰማ።

ይባስ ብሎ የተሳለው የግራ ዓይናቸው ነው፤ በልጅነታቸው አውድማ ላይ ገለባ ገብቶበት የጠፋው።

«ትርሲት፣ ሥርዓቱ ጠፍቶሽ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«አልጠፋኝም፣ አባባ። እኔ የማውቅዎ ግን በዚህ በኩል ነው። ገበያ ስንወርድ፣ ደብር ስንስም፣ ሁሌም በማያዩበት በኩል ነበር የምሄደው። እንቅፋት እንዳይመታዎ ብዬ።»



«እኔ ደግሞ ቀኙን የምትለቂልኝ ለአክብሮት ይመስለኝ ነበር» አሉ መሪጌታ። ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው፣ ያን የፈዘዘ ዓይን አተኩረው አዩት። «እንዲህ ነኝ እንዴ በዚህ በኩል? ደግ ሰው እመስላለሁ።» ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ቅኔ ማኅሌት በለመደው ድምፃቸው፣ «አይወርድም!» አሉ።

ሲወጡ ትርሲት እንደ ልማዷ በግራቸው ልትቆም ሄደች። ክንዷን ያዙና ወደ ቀኛቸው ሳቧት።

«ዛሬ በዚህ ነይ» አሉ። «እንቅፋቱም ይምታኝ፤ ልይሽ።»