ሰባት ሰኞ «ደህና ነኝ»

የአናጢው የሐሞት ጠጠር የሚወጣበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ወረርሽኙ መጣና የሆስፒታሉ አልጋ ሁሉ ትንፋሽ ባጠራቸው ሕሙማን ተያዘ። «አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። በየሰኞው እየደወልን እንጠይቃለን፤ የባሰበት ይቀድማል» ተባለ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሰኞ ሰኞ ጨርቅ ልትገዛ ትወጣ ነበር፤ በስምንተኛው ሰኞ ግን ገበያው ስለተዘጋ ቤት ቁጭ ብላ ጭምብል ትሰፋለች። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎኑን ይዞ ተኮራምቷል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልረጋለትም፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ስልኩ ጮኸ።

«ከሆስፒታል ነው። አባባ፣ እንዴት ነዎት?» የነርሷ ድምፅ እስከ ስፌት መኪናው ይሰማል።

ላቡን ጠረገ፤ ጉሮሮውን አጸዳ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን! አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ? በርቱ!»

«ጥሩ። በሚቀጥለው ሰኞ...»

ወይ ጉድ! ለካ ነገሩ እንዲህ ነው! ሰውየው እየሞተ ሰላምታ ይመልሳል! ሚስትየዋ ዘላ ስልኩን ነጠቀችው።

«እንዳትዘጊው! ደህና አይደለም!»

«እናቴ፣ እሳቸው እኮ ሰባቱንም ጊዜ ደህና ነኝ ነው ያሉት። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ናቸው።»

«ለሰላምታሽ ነው የመለሰልሽ! ቤቱ ቢቃጠል ደህና ነኝ ነው የሚለው! ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ገላው እንደ እሳት ይፋጃል!»

«አሁኑኑ ይዘዋቸው ይምጡ። በድንገተኛ ክፍል በር።»

ታክሲ ውስጥ «ምን ታካብጃለሽ፣ ትንሽ ቁርጠት ናት» እያለ አጉረመረመ።

«እዚያ ገብተህ ደህና ነኝ ብትል ወዮልህ!»

በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «አስታማሚ አይገባም። በሽታው እንዳይዛመት ነው፣ እናቴ።» ለመነችው፤ አልሆነም። እንግዲህ ውስጥ ማን ይናገርለት?

ባለ ጎማ ወንበር መጣለት። ጭምብል ያደረገች ሐኪም ጎንበስ አለች። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

ሚስትየዋ የበሩን ብረት ጨበጠች።

«ደ...» አለ አናጢው። ዞር ብሎ አያት። «አሞኛል፣ ልጄ። በጣም አሞኛል።»

ወንበሩን እየገፉ ይዘውት ገቡ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ደስ ሊላት ሲገባ፣ ያን ጊዜ ነው የምር የፈራችው።