እስከ ባቡሩ

«ተቀመጪ! ሐዘንተኛ ተነሥቶ እንግዳ ይሸኛል እንዴ? ነውር ነው!»

ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ለመሄድ የተነሡት ጋሽ ባሕሩ ካፖርታቸውን እንደያዙ ተቆጡ። ኢየሩስ ፍራሹ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እናቷ እትዬ ተዋበች ካረፉ ወዲህ ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ ያለው ቤታቸው ሰው ተለይቶት አያውቅም፤ እሷም እንግዳ በተነሣ ቁጥር ትነሣለች። ምን ታድርግ፣ እንዲህ ነው ያሳደጓት።

እትዬ ተዋበች የሰውን ወሰን ሁሉ የሚያሰምሩት በዚችው «ነውር» በምትል ቃል ነበር። እየሄዱ መብላት ነውር፤ የታመመ ጎረቤትን አለመጠየቅ ነውር። የነውሮች ሁሉ አውራ ግን እንግዳን በር ላይ ማሰናበት ነው። እሳቸው ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ በዚያ በረዶ እስከ ባቡሩ ይሸኛሉ። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛውን ሳይቀር ሲከተሉት፣ ሰውዬው ዕቃ የረሳ መስሎት መንገድ ላይ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

«ነውር ማለት ክልክል ነው?» ብላ የልጅ ልጃቸው ርሆቦት በስዊድንኛ ጠይቃቸው ነበር።

«ክልክልማ ሰሌዳ ይለጠፍበታል» አሏት። «ነውር ማንም ባያይሽ እንኳ፣ ራስሽ የማታልፊው ነው።»

ሆስፒታል እያሉ ደግሞ ኢየሩስን «ሂጂ፣ ልብስሽን ቀይረሽ ነይ» አሏት። በሩ ጋ ስትደርስ ጠሯት።

«ተነሥቼ ሳልሸኝሽ። ነውር ነው፣ ይቅር በይኝ።»

ኢየሩስ ስቃ ወጣች። ስትመለስ አልደረሰችባቸውም። የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይሄድ ያን ሁሉ ብርድ የጠጡ ሴት፣ ብቻቸውን ሄዱ።

ጋሽ ባሕሩ በሩን ከፈቱ።

«ጋሼ» አለች ኢየሩስ፤ «እማዬ ብትኖር እንዲህ አትለቅዎትም ነበር።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«እውነትሽን ነው፣ አትለቀኝም። በይ ጫማሽን አድርጊ።»

ርሆቦት የአያቷን ነጠላ ከመስቀያው አውርዳ እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ሦስቱም ወደ ጣቢያው ወረዱ። ባቡሩ ቆሞ ነበር። ጋሽ ባሕሩ ገብተው በመስኮቱ እጃቸውን አነሡ፤ ኢየሩስም አነሣች። ባቡሩ ሄደ።

«ኮም ኑ፣ ማማ» አለች ርሆቦት፣ እንሂድ ስትል እጅጌዋን እየሳበች።

ኢየሩስ አልተንቀሳቀሰችም። እጇን እንዳነሣች ባዶውን ሐዲድ ታያለች።

«ደህና ግቢ፣ እማዬ» አለች።

ርሆቦት የእናቷን እጅጌ ለቀቀችና የራሷንም እጅ አነሣች።