ሀሊሜ የጠፋች ሰሞን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ገብስ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን፣ አሰላ ከነበረ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሀሊሜ ቱሳ የምትባል ተማሪ ጠፋች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሙና ልግዛ ብላ ወደ ገበያ እንደወጣች ቀረች።

አልጋዋ ከሀሊሜ አልጋ ጋር የተጋጠመው የሲሬዋ ልጅ አሰፋች እሑድ ሙሉ ቀን መቀመጫ አጣች። ወደ በሩ ትሄዳለች፤ መንገዱን ታያለች፤ ትመለሳለች። ገና ቁጭ ከማለቷ ደግሞ ትነሳለች። ሰኞ መምህሩ ስም ሲጠሩ «ሀሊሜ ቱሳ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አሰፋችን አያት።

በግቢው ስለ ሀሊሜ ወሬው በዛ። ከወንዶቹ አንዳንዱ ከወደደችው ጋር ኮብልላለች አለ። ዳይሬክተሩ አቶ ወልደጻድቅ ደግሞ ወላጆቿ ወስደው ድረዋታል ብለው ቆረጡ።

«ጌታዬ፣ እቤቷ ሰው ይላክ» አለች አሰፋች ቢሯቸው ገብታ።

«የእነሱን ልማድ መቼ አጣሁትና ነው! ደግሞ የኮሌጁን ስም በየመንደሩ የምናስነሳበት ምክንያት የለም። ሂጂ፣ ትምህርትሽን ተማሪ።»

ሄደች። መምህሩ ይናገራሉ፤ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

በሳምንቱ አጋማሽ አንዲት ሴትዮ በቅል ቅቤ ይዘው ከበሩ ደረሱ። ከጭላሎ ግርጌ የመጡት የሀሊሜ እናት አዴ ፋጡ ነበሩ። አሰፋችን ከዚህ ቀደም ስለሚያውቋት ፈገግ አሉ።

«ልጄን ጥሪልኝ እስቲ። ብዙ አልቆይም፣ መንገዴ ሩቅ ነው።»

ቤተሰቦቿ ወሰዷት ሲባል የአሰፋች ልብ ባይቀበለውም፣ ቢሆንልኝ ብላ እሱኑ ይዛ ነበር የቆየችው።

«አዴ ፋጡ... ሀሊሜ እናንተ ጋ አይደለችም እንዴ?»

ሴትዮዋ ቅቤውን መሬት አስቀምጠው እዚያው ተቀመጡ። አቶ ወልደጻድቅ ተጠርተው መጡ።

«እናቴ፣ እኛ እኮ እናንተ የወሰዳችኋት መስሎን ነው።»

«ብወስዳት ኖሮ ቅቤ ይዤ እጠይቃት ነበር?» አሉ አዴ ፋጡ። «እኔ አምኜ ሰጠኋችሁ። እናንተ ጠፋች ብሎ መንገር እንኳ አቃታችሁ?»

ዙሪያውን የቆመው ተማሪ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ሀሰኖ የተባለ ተማሪ ወደ ፊት ወጣ። አባቱ ሲሬ መንገድ ላይ ለአንድ ባላባት ጭሰኛ ናቸው። ሀሰኖ ወደ አዴ ፋጡ ዞረ።

«በባላባቱ ግቢ፣ ለልጃቸው ሠርግ ሳይጠራ በሬ ታርዷል ይባላል። ከገበያ የተጠለፈች ልጅ አለች አሉ። ብናገር አባቴን ከመሬቱ ያስነቅሉታል ብዬ...»

አዴ ፋጡ ሳይጨርስ ተነሱ። ቅቤውን ረስተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከመንገዱ በኩል «ኢያ! ኢያ!» የሚል የሴቶች ጩኸት ተሰማ። የእያንዳንዷ እጅ ሲንቄዋን ይዟል፤ እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻትን ቀጭን በትር። የአርሲ ሴት ስትበደል ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እነሱን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ ደግሞ የለም።

አሰፋች ከክፍል ወጣች። ሌሎቹ ሴት ተማሪዎች ተከተሏት። አቶ ወልደጻድቅ በሩ ላይ ቆመው፣ «ከዚህ የወጣች ተመልሳ አትገባም!» አሉ። አሰፋች ግን አዴ ፋጡ ከፊት ሲሄዱ አየችና ዳይሬክተሩን አልፋ ወጣች። ሀሰኖና ወንዶቹም ወጡ፤ የጂኦግራፊው መምህር ፍሰሐ ጠመኔውን እንደያዙ ተከተሉ። የሴቶች ጉዳይ ነውና ወንዶቹ ከሩቅ ነበር የሚሄዱት።

ከየመንደሩ ሴት እየተቀላቀለ ከባላባቱ ግቢ ሲደርሱ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ደቀኑ። አዴ ፋጡ ሲንቄያቸውን ከበሩ ፊት አጋደሙት። ሌሎቹም አጋደሙ። 

ሽማግሌው ባላባት ወጡ። በትሮቹን አዩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጠመንጃውን አውርዱ» አሉ። «ያቺን ልጅ አምጧት።»

ልጃቸው በጓሮ በኩል በፈረስ አመለጠ። ሀሊሜ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯ እንደ ሙሽራ ቅቤ ተቀብቶ ወጣች። እናቷ አቀፏት። አላለቀሰችም፤ የአሰፋችን እጅ ይዛ እስከ አሰላ አልለቀቀችም።

ኮሌጁ ጋ ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ነበር። ሴቶቹ አልተበተኑም፤ በትራቸውን ይዘው ቆሙ። መምህር ፍሰሐ በሩን አንኳኩ፤ «አቶ ወልደጻድቅ፣ ተማሪዎን አምጥተናል» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከፈቱ። ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ፣ «ግቡ» አሉ።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሀሊሜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ተማራችሁ?» አለች።

አሰፋች ለማስታወስ ሞከረች። «አላውቅም» አለች። «ክፍል ተቀምጬ ነበር እንጂ አልሰማሁም።»

ሀሊሜ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከውጭ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ተነስታ በሩን ቀረቀረች። «የውሃ ጋሪ ነው» አለቻት አሰፋች። ሀሊሜ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነስታ መቀርቀሪያውን በእጇ ነካችው።