በአንድ ውሃ

"ላሪሳ የታለች? ላሪሳን ጥሩልኝ!"

እማማ ስቴፋ በሁለት እጃቸው ሳህን ይዘው ከወጥ ቤቱ ወጡ። ሳህኑ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኗል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ላሪሳ ኮት መስቀያው ጋ ነበረች፤ አንድ እጇ ኮቱ ውስጥ ገብቷል። ልትወጣ ነበር። ለመኸሩ ራት የሚከፈለውን ከፍላለች፣ ሰላም ብላለች፣ መምጣቷ ታይቶላታል። ይበቃል ብላ ነበር።

"አለሁ እማማ" አለች እጇን መልሳ እያወጣች።

"ወዴት ነው? ሳትበዪ? ነይ ተቀመጪ! ዛሬ ምክንያት የለሽም።"

ክንዷን ይዘው ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ወሰዷት፤ ባሏ፣ ልጃቸው ቦዳን አጠገብ አስቀመጧት። ሳህኑን ፊቷ አድርገው ጨርቁን ገለጡት። ፒሮሂ። በድንችና በአይብ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ ጠርዙ በጣት የተቆነጠጠ፣ ላዩ ላይ ሽንኩርት የተጠበሰበት፤ ገና ይተናል።

"ከሩዝ ዱቄት ነው! ዱቄቱ ያንቺ፣ ገበታው ያንቺ፣ መዳመጫው አዲስ ተገዝቶ ያንቺ። ቤቴ ነው የሠራሁት፣ ስንዴ ድርሽ ሳይል። የመጀመሪያው ፍርክስክስ አለና ለዶሮ ሰጠሁት። ሁለተኛውንም ለዶሮ። ዶሮዎቼ ጠገቡልሽ! ይሄኛው ግን ያዘ።"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እማማ ስቴፋ የአዳራሹ የሊጥ አለቃ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ሴት አሰልፈው ሲያስቆነጥጡ ውለዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ነው።

ላሪሳ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ስር በእግሯ ወደ ራሷ ሳበች።

ሲሊያክ ነው ያላት ሐኪሙ፣ ዓምና። ስንዴና ገብስ ባፏ እንዳይዞር። ትንሽም ብትሆን፣ ፍርፋሪም ብትሆን፣ አንጀቷን ትልጠዋለች። እስከዚያ ድረስ ለዓመታት ደሟ እያነሰ፣ ጸጉሯ እየረገፈ፣ "ሥራ አብዝተሽ ነው" ስትባል ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ደህና ናት። ችግሩ ሰው ቤት ነው። ካናዳ፣ ሳስካቺዋን ውስጥ፣ ያውም እዚህች ከተማ፣ ሰው ቤት ሄዶ አለመብላት ማለት ሰውየውን መናቅ ነው። "በልቼ ነው የመጣሁት" አለች ብዙ ጊዜ። "ሆዴን ትንሽ አሞኛል" አለች። ፋሲካ ላይ ሰለቻትና ለሰላም ብላ የእማማ ስቴፋን ዳቦ አንድ ቁራሽ በላች። ሳምንቱን ተኝታ አሳለፈችው።

"ብዪ እንጂ!" አሉ እማማ ስቴፋ። "ታይዋለሽ?"

ላሪሳ ሹካውን አነሳች። ከዚያ ዓይኗ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ምድጃው ላይ አረፈ። ምድጃው ላይ አንድ ድስት ብቻ ነው ያለው፤ ሰው የሚያስገባው፣ ትልቁ። ሁለት ሴቶች በባለቀዳዳ ጭልፋ የስንዴውን ፒሮሂ እያወጡ ሌላ ይጨምራሉ። ውሃው በዱቄት ነጥቶ ወተት መስሏል።

"እማማ፣ የት ቀቀሏቸው?"

"የት ይቀቀላል? ድስት ነዋ!"

"የትኛው ድስት?"

"እንዴ፣ ያው ድስቱ!" እማማ ስቴፋ ሳቁ። "ውሃው ፈልቶ እያለ ሌላ ልጥድ እንዴ? አስቀድሜ የኛን አወጣሁ፣ ከዚያ ያንቺን ለብቻ ጨመርኩ። አልተቀላቀለም፣ አትስጊ። ደግሞ የሚንተከተክ ውሃ ነው፤ ምን ተርፎ?"

ላሪሳ ሹካውን መልሳ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

ከማዶ የተቀመጡት እትዬ ኔሊያ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጉ። "ቀኑን ሙሉ ስንዴ ስትመዝን ትውላለች፣ ስንዴ ግን ትጸየፋለች" አሉ፣ እንዲሰማ ሆኖ። ላሪሳ እህል መጋዘኑ ጋ የመኪና ሚዛን ላይ ነው የምትሠራው። ቦዳን የሚያርሰውም ስንዴ ነው። አባቱም ስንዴ ነበር ያረሰው። ይሄ ቀልድ አያልቅም።

"ተይ፣ ዛሬ ስንዴ አይደለም፣ ሩዝ ነው" አለች ሌላዋ። "ዛሬ ምን ትል ይሆን?"

ቦዳን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ሁለት ብቻ ጉረሺ። ሳምንቱን ሙሉ ነው የለፋችው።"

"ውሃው አንድ ነው ቦዳን።"

"ሰምቻለሁ። የፈላ ነው እኮ።"

"ጀርም አይደለም እኮ። ቢፈላም አይሞትም። ስንት ጊዜ ልንገርህ?"

"እሺ፣ እሺ።" አዳራሹን በዓይኑ ቃኘ። "ታዲያ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ልትያት ነው?"

ሌላ መንገድ ታውቃለች፤ ቦዳን እንኳ የማያውቀውን። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ በውስጡም ሶፍት ዘረጋች። አንዷን ፒሮሂ በሹካ ወግታ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከንፈሯን ሳታስነካ ጉንጯን አንቀሳቀሰች፤ አፏን እንደሚጠርግ ሰው በሌላ ሶፍት ሸፈነች፤ ፒሮሂዋ ቦርሳው ውስጥ ወደቀች። ለመድኩት አለች በልቧ። በየእሁዱ እማማ ስቴፋ ቤት ትንሽ ትንሽ የምትበላ መስላ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ። ማንም አላየም፤ ሰው የሚያየው ፊቷን ነው።

"ጣፈጠ?"

"በጣም ነው የጣፈጠው እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።"

እማማ ስቴፋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አላልኳችሁም!" አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። "ልቧ ክፉ አይደለም፤ የሚሠራላት ሰው አጥታ ነው እንጂ! በቃ፣ በየእሁዱ እሠራልሻለሁ። ለገናም!"

አጨበጨቡ። እትዬ ኔሊያም አጨበጨቡ። ቦዳን ጀርባዋን መታ መታ አደረገ። ላሪሳ ሳቀች። አሁን መውጣት ብቻ ነው የቀራት፤ ቦርሳው ጭኗ ላይ ይሞቃል። "ልጥበቅ? አሁን ልነሳ? ቡና እስኪመጣ ልጥበቅ?" ትላለች በልቧ፤ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ወደ በሩ ቀና ብላ ስታይ እማማ ስቴፋ የሉም። ሳህኑም የለም።

አዳራሹ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ የእትዬ ዳርካ ጠረጴዛ ጋ። የእትዬ ዳርካ የልጅ ልጅ ካሊና ሰባት ዓመቷ ነው፤ በበጋ ሆስፒታል ገብታ ከርማ የወጣችው እንደ ላሪሳ ያለ በሽታ ይዛ ነው። እጇ ከሹካው አይወፍርም። ፊቷ ያለው አንድ ፖምና በላስቲክ የመጣ ካሮት ነው። ሌሎቹ ልጆች ፒሮሂ ሲያገላብጡ እሷ ካሮቷን ትልሳለች።

"ካሊናዬ፣ ነይ ቅመሺ!" ይላሉ እማማ ስቴፋ፣ ድምፃቸው እስከዚህ ይሰማል። "ላንቺ የሚሆን ነው። ስንዴ የለውም። ያቻት ላሪሳ በልታለች፤ ምን ሆነች? ምንም!"

"እናቷ ከቤት ያልመጣ እንዳትቀምስ ብላኛለች" አሉ እትዬ ዳርካ።

"እናቷ እዚህ ብትሆን ደስ ነበር የሚላት! ላሪሳ ሦስት በላች እኮ። እሷን የመሰለ ጠንቃቃ አለ? ከእኔ ቤት ሌላ ሰው ቤት ውሃ እንኳ አትጠጣም!"

ካሊና ሳህኑን አየች። ከዚያ አያቷን። እትዬ ዳርካ ቀና ብለው በአዳራሹ ሁሉ ላይ አሻግረው ላሪሳን ፈለጓት።

"ላሪሳ! ደህና ነው? ልስጣት?"

ሰው ዞረ።

ራሷን በአዎንታ ነቅነቅ ብታደርግ ይበቃ ነበር። "እንጃ እትዬ ዳርካ፣ ሐኪሟን ጠይቁ" ማለትም ይቻላል፤ ማንንም አያስቀይምም። አፏን ከፈተች። ካሊና ሹካዋን አንስታለች፤ አንድ ፒሮሂ ወግታለች።

"አይስጧት!"

ጮክ ብላ ነበር ያለችው። አንድ ሰው ሳቀ። ላሪሳ ተነሳች፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል በፍጥነት ሄደች፤ ሹካውን ከልጅቷ እጅ ወሰደች።

"ምን ሆነሻል?" አሉ እማማ ስቴፋ። "አንቺ በልተሽ የለም እንዴ?"

"አልበላሁም።"

"ዓይኔ እያየ!"

ላሪሳ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዘረገፈችው። ቁልፍ። ሊፕስቲክ። ቅባት የጠጣ ሶፍት። ሦስት ፒሮሂ ከነሽንኩርቱ።

ከወጥ ቤቱ የድስቱ መንተክተክ ይሰማል።

"ዱቄቱ ደህና ነው" አለች ላሪሳ። "ሥራውም ደህና ነው። ውሃው ነው። ከስንዴው ጋር በአንድ ውሃ ተቀቅሏል። ልጅቷ ብትበላው ትታመማለች። እኔም እታመማለሁ። ለዚህ ነው ያልበላሁት።"

ካሊና ሶፍቱን እያየች፣ "እኔም ትምህርት ቤት እንደሱ ነው የማደርገው" አለች።

እትዬ ዳርካ ልጅቷን ዞረው አዩዋት። እማማ ስቴፋ ሳህናቸውን አነሱና ማንንም ሳያዩ ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ።

ቦዳን ኮቷን ይዞ ደረሰ። ጆሮው ቀልቷል። "እንሂድ። አሁኑኑ። ነገ ደውለሽ ይቅርታ ትያታለሽ።"

"አንተ መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ።"

"ላሪሳ፣ በእናትሽ—"

"ጠብቀኝ አልኩህ።"

ወጥ ቤት ስትገባ ሁለቱ ሴቶች ጭልፋቸውን ጥለው ወጡላቸው። እማማ ስቴፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ገንዳው ላይ ሳህን ያጥባሉ። የሚታጠበው ሳህን ንጹህ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ ሳይዞሩ።

"ከዓምና።"

"በየእሁዱ?"

"በየእሁዱ።"

"ያን ሁሉ ምግቤን? በቦርሳ? ውሻ አላችሁ ወይስ የት ትጥይዋለሽ?"

"መንገድ ላይ። ዳር ካለው ቦይ ውስጥ።"

እማማ ስቴፋ ውሃውን ዘጉት። "የፋሲካውንም ዳቦ?"

"የፋሲካውን በላሁት።"

አሁን ዞሩ። ከእጃቸው ውሃ ይንጠባጠባል። "ያን ሳምንት ነው ጉንፋን ነው ብለሽ የተኛሽው?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ክፉ ሰው ነኝ?"

"ነግሬዎት ነበር እማማ። ትንሽ ምንም አይልም አሉኝ። ቦዳንም እንደዛ አለኝ። ሁለተኛ መናገር ሰለቸኝ።"

እማማ ስቴፋ ድስቱን አዩት። ውሃው ይንተከተካል፤ ነጭ አረፋ ጠርዙ ላይ ይወጣና ይወርዳል። ምድጃውን አጠፉት። አረፋው ወደ ታች ሰመጠ።

"ልጅቷን ልገድላት ነበር" አሉ።

"አትሞትም። ትታመም ነበር።"

"ዝም በይ።" በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ጉንጫቸው ላይ ዱቄት ቀረ። "ዛሬ አዋረድሽኝ። ከተማው ሁሉ እያየ። ይህን እወቂ።"

"አውቃለሁ።"

"እሁድ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"ምን ልሥራልሽ? ሌላ ድስት እገዛለሁ። ጭልፋም እገዛለሁ። ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፣ እሠራዋለሁ።"

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያለችው፣ "አይልፉ፣ ያለውን እበላለሁ" የሚለው። ላሪሳ ዙሪያዋን አየች። ጣውላው ላይ ዱቄት፣ መስኮቱ ላይ ዱቄት፣ የእማማ ስቴፋ ቅንድብ ላይ ዱቄት። የሴትየዋ ቤትም እንዲሁ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስንዴ ያቦኩበት ቤት።

"ምንም አይሥሩልኝ" አለች። "የራሴን ይዤ እመጣለሁ።"

"እኔ ቤት?"

"እርስዎ ቤት።"

"ስንቅ ቋጥረሽ? እንደ መንገደኛ? የገዛ ምራቴ?"

"ከነሳህኔ ነው የምመጣው። ከነሹካዬ።"

ከአዳራሹ ወንበር የሚጎተት ድምፅ መጣ፤ ሰው መብላቱን ቀጥሏል።

"ቅር ይለኛል" አሉ።

ላሪሳ ይቅርታ ልትል ነበር፤ ተወችው።

"ቅር ይበልዎታ እማማ" አለች። "ይዤ ነው የምመጣው።"