የግራው ወገን

"እናትሽ ዛሬም አልመጣችም?" አለኝ አባቴ አንድ ጠዋት ሱቃችን ውስጥ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። በመካከላቸው አንድ ክንድ አይሞላም።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ስሚው እንግዲህ፤ በቁሜ ቀበረኝ" አለች። ድምጿን ሲሰማ ወደ ቀኙ፣ ወደ በሩ ዞሮ ፈለጋት። ሲያጣት "ደጅ ቆማ ትሰድበኛለች" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለቱም ልብስ ሰፊዎች ናቸው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ከተጋቡ ጀምሮ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ የእናቴ ወንበር ከአባቴ በስተግራ ነው። መስኮቱ በዚያ በኩል ስለሆነ ለመርፌ ሥራ ይመቻል።

ከሰባት ሳምንት በፊት አባቴ ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉን። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። እጁም እግሩም ይታዘዙታል፣ አንደበቱም አልተያዘም። "ተረፈ" ተባባልን። ሲወጣ የሰጡን የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የጸብ ቤት ሆነ። አባቴ ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በልቶ የግራውን ይተወውና "ይቺ ሴት በረሃብ ልትገድለኝ ነው" ይላል። እናቴ ደግሞ የተረፈውን እያየች "እጄን ተጸየፈው" ትላለች። በወንበሯ ሆና ስታወራው አይመልስላትም። አክስቴም በስልክ በእሳቱ ላይ ቤንዚን ታርከፈክፋለች። "ሰው ሲታመም ነው የሆዱ የሚወጣው። ተይውና እኔ ጋ ነይ።"

በዚያው ጠዋት አንድ መምህር ኮቱን ሊወስድ መጣ። ለበሰው። የቀኙ እጅጌ እንደ አባቴ ሥራ ሁሉ እንከን የለውም። የግራው እጅጌ ግን የለም።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው አንድ እጅ የቀነሱብኝ?"

"ምኑ ነው የጎደለው? ዓይንህን ታጠብ!" አለ አባቴ።

እጅጌው ተቆርጦ፣ ገበሩ ተነጥፎለት፣ ጠረጴዛው ላይ ከአባቴ በስተግራ ተኝቷል። አንስቼ በቀኙ በኩል ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። "እናትሽ ናት የደበቀችው" አለ። "በሰው ፊት ልታዋርደኝ።"

እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። "በቃኝ" አለች። "ሃያ ስምንት ዓመት አጠገቡ ጎብጬ ሌባ ተባልኩ። ዛሬውኑ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።" ሻንጣ ልታዘጋጅ ወደ ቤት ሄደች።

ሳህኑም፣ ወንበሯም፣ እጅጌውም በግራ መሆናቸው አሳስቦኝ፣ እኔ መምህሩ አውልቆ የተወውን ኮት በፌስታል አድርጌ ሆስፒታል ሄድኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን ያነሳሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም መስኮት ይዘጋልን ለማለት። አባቴን ያከመው ሐኪም ፊት ኮቱን ዘረጋሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ፋይሉን አገላበጠ።

"አዎ፣ ተጽፏል። አንጎሉ የግራውን ወገን አይቆጥረውም። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አንጎሉ ግን በግራ በኩል ያለውን እንደሌለ ያልፈዋል። አንድ ነገር እንደጎደለውም አያውቅም።"

"መቼ ነው የተጻፈው?"

"በገባ በሦስተኛው ቀን።"

"ለምን አልነገራችሁንም?"

"ማንም አልጠየቀንማ።"

"ሰባት ሳምንት" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ሰባት ሳምንት ነው ያልኩት። እናቴ ቤቷን ጥላ ልትሄድ ነው።"

"እሱ እንግዲህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አለና ፋይሉን ዘጋው። ከእጁ ሥር ሳብኩት፣ ገጹን ፈልጌ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ስመለስ እናቴ የሱቁን ቁልፍ ለአባቴ ልትሰጥ መጥታ ሻንጣዋ በሩ ላይ ቆሟል። "አንድ ደቂቃ ብቻ" አልኳት። የሁለት ሜትር ጨርቅ አባቴ ፊት ዘረጋሁ።

"አባባ፣ መሃሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግልኝ።"

"እንደ ተለማማጅ ልትፈትኚኝ ነው?"

አባቴ መሃል ለማግኘት ሜትር ይዞ አያውቅም። ከጎረቤታችን ጫማ ሰፊ ጋር ስንት ጊዜ ተወራርዶ በልቶታል። ጠመኔውን አንስቶ ሳያመነታ አሰመረ። መስመሩ ወደ ቀኝ ርቆ ሄዷል። እናቴ አየችው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደች፤ ከግራው ጫፍ ጀምራ ለካች።

"መቶ ሠላሳ አራት" አለች። እንደገና ለካች። "አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ በሁለት ጣት እንኳ ስቶ አያውቅም።"

"ጨርቁን ስባችሁታል!" አባቴ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። "ሁለታችሁም ተማክራችኋል!"

"ማንም አልነካውም፣ አባባ።"

ከሐኪሙ የሰማሁትን ነገርኳት፤ ፎቶውንም አሳየኋት።

"ስለዚህ አጠገቡ ስቀመጥ የለሁም ማለት ነው?"

"በግራው ሆነሽ ለእሱ የለሽም።"

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን እንደ ብረት ጠነከረ። በጠረጴዛው ዞራ በቀኙ ቆመች።

"መጣሽ?" አላት አባቴ። "የት ከርመሽ ነው?"

"የትም አልሄድኩም!" ጩኸቷ ጫማ ሰፊውን ከሱቁ አወጣው። "አጠገብህ ነበርኩ! ቀን በቀን! ስረግምህ ከረምኩ፣ ስትረግመኝ ከረምክ፣ ሐኪሞቹ ጽፈውት ቁጭ ብለዋል!"

"ታዲያ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?" አለ አባቴ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"አንተንማ ምን አደርግሃለሁ። ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ መቀስ እንዳትነካ።" ወደ እኔ ዞረች። "ወረቀት አምጪ። አንቺ የተማርሽው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?"

አክስቴ ጋ አልሄደችም። አባቴን ለጫማ ሰፊው አደራ ሰጥተን ሆስፒታሉ ሳይዘጋ ደረስን፤ ጽፈው ሳይነግሩን መቅረታቸውን የሚከሰውን አቤቱታ እኔ ጻፍኩት፣ እናቴ ፈረመችበት፣ ለሆስፒታሉ ኃላፊ በእጁ ሰጠነው።