ነጩ የመዳብ ዱቄት

ቤተ ሙከራው በሙሉ ጋሼ የሚለው ሽማግሌ ብርጭቆ በእሳት እያቀለጠ ቱቦ ሲያሽግ ነው ያረጀው። እጁን የሚያህል እጅ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው። ዘንድሮ ግን ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቃው ሲያመነታ ሰንብቶ፣ ትናንት ቁርጡን ነገረው፦ "አንድ ቱቦ የመዳብ ፍሎራይድ ዱቄት ያሽጉልን። ነጭ እንደሆነ ካደረ ሥራዎን ይቀጥላሉ። ካልሆነ ግን ይረፉ።"

ዱቄቱ አመለኛ ነው። እርጥበት ካልነካው እንደ ጨው ይነጣል፤ የውጭ አየር ከሾለከበት ግን ሰማያዊ ይሆናል ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ጋሼ አይቶት አያውቅም። እሱ ያሸገው ቱቦ ውስጥ ደግሞ ምን አየር ሊገባ!

ጠዋት ሲገባ የወንድሙ ልጅ ቀድማው ቆማለች። የዱቄቱን ውስጣዊ አወቃቀር የምታጠናው ኬሚስት እሷ ናት። ትናንት ያሸገውን ቱቦ ከኋላዋ ደብቃለች።

"ጋሼ፣ ሌላ ቱቦ ቢያሽጉስ? ዱቄት ተርፎኛል። ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቅም።"

"አምጪው።"

"ጋሼ..."

"አምጪው አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ!"

ሰጠችው። መስኮቱ ጋ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አነሳው። ባሸገበት ጫፍ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ሥር ዱቄቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ ነጩ ውስጥ ይጠፋል። ሥራው ማብቃቱ ገባው። ዓይኑን ግን ከቱቦው መንቀል አቃተው።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?" አለ በሹክሹክታ።

"እያንዳንዱን የመዳብ ቅንጣት ስድስት የፍሎራይድ ቅንጣቶች ከበውታል" አለች እንባዋን እየጠረገች። "አራቱ ተጠግተውታል፤ ሁለቱ ራቅ ብለዋል። ውሃ ሲመጣ ከቅርቦቹ ሁለቱ ቦታ ይለቁለታል። ቀለሙም አብሮ ይለወጣል።"

"ለእንግዳ ወንበር እንደ መልቀቅ በይኛ!"

ሳቀ። ዓይን የማያየው ነገር እንዲህ በሥርዓት ተሰልፎ መኖሩ፣ ጠብታ ለማትሞላ እርጥበት ብድግ ማለቱ አስደነቀው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲዘጋ ኖሯል፤ ውጭ ያስቀረው ነገር ይህን ያህል እንደሚያምር ግን ማንም አልነገረውም።

በሩ ተከፈተና አለቃው ገባ። ልጅቷ ቱቦውን ልትቀማው እጇን ሰደደች። ጋሼ ፈቀቅ አለባትና በሚንቀጠቀጥ እጁ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው።

"ና እስቲ፣ ና እይ!" አለው አለቃውን። "ቶሎ በል፣ ነጩ ሳያልቅ።"